ከወረርሽኝ ቆጠራ ወደ ጥቃት ጥናት፦ በጎንደርና በጠዳ ዙሪያ የጤና ተመራማሪዎች ሥልጠና አጭር ታሪክ

መግቢያ

ከጎንደር ከተማ ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ፣ አዘዞን አለፍ ብሎ የምትገኘው ጠዳ በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሟ እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ሆኖም በዚህች አነስተኛ ከተማ የሚገኘው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለክልሉ ጤና ጣቢያዎች መካከለኛ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረ ተቋም ነው። በደምቢያ ሜዳ፣ በጎንደር ዙሪያም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ራሱን ተፈንክቶ፣ በጩቤ ተወግቶ፣ ወይም ክብሯ ተደፍሮ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው እንዲህ ባለ ኮሌጅ የተማረ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና ረዳት ነው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ተመራማሪው ደግሞ፣ ከመጣ፣ ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ጥያቄ ይህን የሥራ ቅደም ተከተል የሚመለከት ነው። ወባንና ተስቦን ቤት ለቤት እየዞረ መቁጠር የለመደው የጎንደር የሕዝብ ጤና ትምህርት ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መቁጠር የጀመረው መቼና እንዴት ነው? ይህን ለማድረግ የሚችል ባለሙያ እንዴት ሠለጠነ? ቆጠራውስ መከላከልን ወልዷልን? ታሪኩን መመርመር ያስፈለገው ያለፈውን ለማወደስ ሳይሆን፣ ዛሬ በየጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ብዕሩን የሚያሳርፈው ባለሙያ የሚጽፈው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማሳየት ነው።

የቡድን ሥልጠናው መሠረት

እንደሚታወቀው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለመመሥረቱ ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣውና ሺዎችን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ የቴክኒክ ትብብር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ኮሌጅ በዘመኑ ለአፍሪካ አዲስ የነበረ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ይኸውም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት ሠልጥነው በአንድነት ወደ ገጠር የሚሠማሩበት የጤና ቡድን ነው።

የዚህ ትምህርት ዋናው ክፍል የተካሄደው ከአዳራሽ ውጭ ነበር። ሠልጣኞች በከተማው ዙሪያ ወደሚገኙ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች እየተላኩ የቤቶችን ብዛት፣ የነዋሪውን ቁጥር፣ የውኃውን ምንጭ፣ የሞተውንና የተወለደውን ይመዘግቡ ነበር። ጉድጓድ መፀዳጃ እንዲቆፈር ያግባባሉ፤ ክትባት ይሰጣሉ፤ ውጤቱን መልሰው ይለካሉ። ዛሬ በምርምር ዘዴ መማሪያ መጻሕፍት የምናነበው የችግሩን መጠን መለካት፣ መንስኤውን መፈለግ፣ መፍትሔውን መሞከርና ውጤቱን መመዘን የተባለው አካሄድ ለእነዚያ ሠልጣኞች የዕለት ተግባር ነበር ማለት ይቻላል።

ኮሌጁ ከዚያ በኋላ ብዙ ለውጥ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕሲግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተበት፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደገና ተጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ተቋሙ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተሰየመ። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ መካከል ተማሪዎችን በቡድን ወደ ገጠር የማሠማራቱ ልማድ ጸንቶ ኖሯል። የጥቃት ጥናት በኋላ በአካባቢው ሥር ለመስደድ የቻለው በዚህ ልማድ ላይ ስለተተከለ ነው።

ሳይቆጠር የኖረው ቁስል

ነገር ግን ቡድኑ በየቤቱ ሲገባ ሁሉን አልጠየቀም። የውኃ ጉድጓዱ ርቀት በእርምጃ ሲለካ፣ የሕፃኑ ክብደት ሲመዘን፣ የእናቲቱ ጥቁር የወረደ ዓይን አልተመዘገበም። ይህ የባለሙያው ጭካኔ አልነበረም። ወባ የጤና ጉዳይ ነው፤ ጠብ ግን የሽማግሌ፣ የዳኛና የፖሊስ ጉዳይ ነው ተብሎ በሕዝቡም በባለሙያውም ዘንድ የታመነበት ዘመን ስለነበረ ነው።

በእርግጥም ሕዝቡ ጥቃትን የሚያስተናግድበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ አሁንም አለው። በጎንደር ገጠሮች ነፍስ ሲጠፋ የሟች ወገን ደም ለመመለስ ይነሣል፤ ገዳይ ይሸሻል፤ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች መካከል ገብተው በካሣና በመሐላ ደም ያደርቃሉ። በወሰን፣ በግጦሽ፣ በውርስ የተነሣ ጠብም በሽምግልና ይፈታል። ይህ ሥርዓት ቂም ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳይተላለፍ ያደረገው አስተዋፅኦ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ የጥቃት መከላከል ሥራም ሊማርበት ይገባል። ይሁን እንጂ ሽምግልና የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ ሸንጎው የሚያከብረው በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ዕርቅን ሲሆን፣ በትዳር ውስጥ የተደበደበች ሴት ራሷን የቻለች ወገን ሆና የምትቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሴትንና አህያን ከዱላ ጋር የሚያቆራኘው የቆየ ተረት በጨዋታ ቢነገርም የልማዱን መጠን ይመሰክራል።

ሕጉም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ከልማዱ ብዙ አልራቀም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠልፎ የወሰደ ሰው ከተጠለፈችው ሴት ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ የሚድንበት ድንጋጌ ነበረው። ይህ የተለወጠው በ1996 ዓ.ም. በወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። አዲሱ ሕግ ጠለፋን ጋብቻ እንዳይሽረው አደረገ፤ በአንቀጽ 564 ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት የሚያስቀጣ መሆኑን ለይቶ ጠቀሰ። የአስገድዶ መድፈር ድንጋጌው ግን ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ላይ የተወሰነ ሆኖ ቀርቷል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ሲወጣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። ክልሉ ግን ሴት ልጆች በለጋ ዕድሜ ከሚዳሩባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች ዋነኛው እንደነበረ ተከታታይ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች አሳይተዋል። ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ሄደ፤ የሁለቱን ርቀት የሚለካ ተመራማሪ አስፈለገ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የታየው የአስተሳሰብ ለውጥ

ጥቃት የጤና ሳይንስ ጉዳይ ነው የሚለው ሐሳብ በሌላውም ዓለም አዲስ ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጥቃትን በኤፒዲሚዮሎጂ ዘዴ ማጥናት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ጥቃት በመላው ዓለም ዋና የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን አወጀ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጥቃትና ጤና የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ዘገባ አወጣ። በዘገባው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ብቻ 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በጥቃት ሞተዋል፤ ከእነዚህም ግማሽ የሚሆኑት ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ ያጠፉ፣ ሲሶ ያህሉ በሌላ ሰው የተገደሉ፣ አንድ አምስተኛ የሚሆኑት ደግሞ የጦርነት ሰለባዎች ነበሩ።

ዘገባው ካስገነዘባቸው ነገሮች አንዱ የሠለጠነ ሰው እጥረት ነው። ይህን ለማቃለል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ጉዳትና ጥቃት መከላከል የተዘጋጀ ሞዴል ሥርዓተ ትምህርት ለዩኒቨርሲቲዎችና ለጤና ማሠልጠኛዎች አቀረበ፤ በ2007 ደግሞ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ከጀማሪዎች ጋር የሚያገናኝ የአማካሪነት ፕሮግራም ጀመረ። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ሥልጠናው ከዚህ ሥርዓተ ትምህርት አስቀድሞ በሌላ መንገድ ተጀምሮ ነበር።

የቡታጅራ ትምህርት፦ እንዴት እንደሚጠየቅ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው ቡታጅራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍልና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚፈልሰውን ሰው ያለማቋረጥ ሲመዘግቡ ኖረዋል። የመዝገቡ ዓላማ ስለ ሕፃናት ሞትና ስለ በሽታ ማወቅ ነበር። ነገር ግን የታወቀ ቤት፣ የታወቀ ሰውና የለመደ መረጃ ሰብሳቢ ባለበት ሁሉ ሌላ ጥያቄም ሊነሣ ይችላል። ዶክተር ንጉሤ ደየሳና ባልደረቦቻቸው በዚሁ አካባቢ በባለትዳር ሴቶች ላይ የሚደርሰውን አካላዊ ጥቃት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ከአራት ዓመት በኋላ ቡታጅራ የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች ባካሄደው የሴቶች ጤናና የቤት ውስጥ ጥቃት ጥናት ኢትዮጵያን የወከለች ቦታ ሆነች። ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠየቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ሲገለጽ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በሕይወት ዘመናቸው የደረሰባቸው ሴቶች በጃፓን ከተማ 15 በመቶ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ገጠር 71 በመቶ ሆነው ተገኙ። ይህ በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የተገኘበት መንገድ ይበልጥ ይጠቅማል። ስለ ወባ ሲጠየቅ ባል በር ላይ ቢቆም ጉዳት የለውም፤ ስለ ዱላ ሲጠየቅ ግን ጥያቄው ራሱ ለዱላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የሥነ ምግባርና የደኅንነት መመሪያ የተጠያቂዋ ደኅንነት ከማንኛውም የጥናት ግብ እንዲቀድም አዘዘ። ጥናቱ በአካባቢው የሚታወቀው በሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኞች ስም ነበር እንጂ ጥቃት የሚል ቃል አልተለጠፈበትም። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ጠያቂዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ሥልጠናቸው ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅ ነበር። በሥልጠናው መጠይቅ መሙላት ብቻ ሳይሆን ሰው ድንገት ሲገባ ወሬውን ወደ ሌላ የጤና ጉዳይ ማዞር፣ የምታለቅስ ሴትን በትዕግሥት ማዳመጥ፣ ወደ ርዳታ መጠቆም፣ የሰሙትንም ምስጢር ይዞ መሸከም ይማራሉ። መቶ ቤት የሰማችው መረጃ ሰብሳቢ ራሷ የምትተነፍስበት ጊዜና የሚያዳምጣት ሰው እንደሚያስፈልጋት የታወቀውም በዚህ ሥራ ነው።

የጎንደር የቡድን ሥልጠና ቤት መግባትን አስተምሮ ነበር። የቡታጅራው ልምድ ደግሞ በገቡበት ቤት ጉዳት ሳያደርሱ መውጣትን ጨመረበት። የጥቃት ተመራማሪ የሚሠለጥነው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በጎንደር ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች

በጎንደር የሕዝብ ጤና ትምህርት የነበሩት ተግባር ይግዛውና ባልደረቦቻቸው በጎንደር አካባቢ የቤት ውስጥ ጥቃትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት አሳተሙ። በዚህ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 50.8 በመቶ በትዳር ጓደኛቸው ጥቃት የደረሰባቸው ነበሩ። ከምክንያቶቹ መካከል ሁለቱ ተለይተው ይታያሉ። በልጅነቷ በወላጆቿ መካከል ጥቃት ሲፈጸም ያየች ሴት ራሷ ለጥቃት የመጋለጥ ዕድሏ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ በአጥቂው ወገን ደግሞ የአልኮል መጠጥ ጎልቶ ወጣ። ጠላና አረቄ በየቤቱ በሚጠመቅበትና በሚወጣበት፣ ድግስና ተዝካር ያለ መጠጥ በማይታሰብበት አገር ይህ ግኝት ለመከላከል ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ ከቁጥር ወደ ንግግር ተሸጋገረ። ተመራማሪዎቹ ወንዶችንና ሴቶችን በቡድን እያወያዩ ሕዝቡ የትዳር ውስጥ ጥቃትን እንዴት እንደሚያየው ጠየቁ። ጠብ የትዳር ጠባይ ነው ተብሎ ስለሚታመን ጥቃትን ሙሉ በሙሉ የሚያወግዝ ድምፅ ለማግኘት እንዳስቸገረ፣ ባል ሚስቱን አስገድዶ መገናኘቱ እንደ መድፈር እንደማይቆጠር፣ ብዙ ሴቶችም መቻልን ወይም ሽማግሌ መጥራትን እንጂ ሕግን እንደማይመርጡ ተረዱ። ይህ ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ተጎጂዋ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ‹‹ወድቄ ነው›› የምትለው ለመዋሸት ፈልጋ አይደለም፤ እውነቱን ብትናገር የሚጠብቃትን አስቀድማ ስለመዘነች ነው።

ይህ ዝምታ በመላው አገሪቱ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከት ክፍል ሲያካትት፣ ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ገለጹ። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ርዳታ ያልጠየቁና ለማንም ያልተናገሩ ነበሩ። በሌላ በኩል ባል ሚስቱን በተወሰኑ ምክንያቶች ቢመታ ተገቢ ነው የሚሉ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2005 81 በመቶ የነበሩት በ2016 ወደ 63 በመቶ ወርደዋል። አስተሳሰብ ሊለወጥ እንደሚችል ቁጥሩ ይመሰክራል፤ መንገዱ ረጅም መሆኑንም እንዲሁ።

ዳባት፦ ሙታንን መጠየቅ

ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ በምትገኘው ዳባት የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 የቡታጅራውን የመሰለ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። በዚህም ደጋና ቆላ ቀበሌዎችን አካቶ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚከታተል ቋሚ ምዝገባ ተዘረጋ። አብዛኛው ሰው ከጤና ተቋም ውጭ በሚሞትበት አካባቢ የሞት መንስኤ የሚታወቀው መረጃ ሰብሳቢው የሐዘኑ ወራት ካለፈ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ስለ ሟቹ የመጨረሻ ቀናት በዝርዝር በመጠየቅ ነው። የተሰበሰበውን ታሪክ ሐኪሞች ለየብቻቸው አንብበው መንስኤውን ይወስናሉ።

ይህ ዘዴ ለሳንባ ነቀርሳም ሆነ ለወሊድ ሞት ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነው። ለጥቃት ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ደም ያልደረቀበት ቤት ስለ ገዳይ መጠየቅ ቁስል መቀስቀስ ሊሆን ይችላል። ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብም የፍትሐትንና የቀብርን ነገር አስቦ እውነቱን ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢው የሚመዘግበው ሟቹ በምን ሁኔታ እንደሞተ እንጂ ማን እንደገደለው አለመሆኑን፣ መዝገቡም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አለመሆኑን ራሱ በሚገባ ተረድቶ ለቤተሰቡ በግልጽ ማስረዳት አለበት። የሽማግሌውንና የፖሊሱን ሥራ ከተመራማሪው ሥራ የሚለየው ድንበር ይህ ነው። ድንበሩ ከጠፋ እምነት ይጠፋል፤ እምነት ከጠፋ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተገነባ መዝገብ በአንድ ወር ይፈርሳል።

በጤና ተቋም ውስጥም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም ቁስሉን በአንድ ምድብ፣ የቁስሉን መነሻ በሌላ ምድብ ያስቀምጣል፤ ሰው ሆን ብሎ በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት ከኤክስ 85 እስከ ዋይ 09 ባለው ክፍል ይመዘገባል። በመዝገብ ላይ ‹‹የራስ ቅል ቁስል›› ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ሕክምናው ይሟላ ይሆናል፤ ታሪኩ ግን ይጠፋል። በዱላ፣ በድንጋይ፣ በስለት ወይስ በጥይት? በቤት፣ በገበያ ወይስ በድግስ? ማታ ወይስ ቀን? እነዚህን ለመመዝገብ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በጠዳም ሆነ በሌላ ኮሌጅ የሚሠለጥን ነርስ ይህን ካወቀ የምርምር ዲግሪ ባይኖረውም የመጀመሪያው ተመራማሪ እርሱ ነው።

ከማወቅ ወደ መከላከል

የጥቃት ጥናት ታሪክ በቆጠራ ቢቆም ኖሮ ከንቱ በሆነ ነበር። መንስኤው ታውቆ መፍትሔ ሳይሞከር ሌላ ናሙና፣ ሌላ መቶኛ እየጨመሩ መሄድ ተጠያቂዎቹን ማድከም ይሆናል። በዚህ ረገድ በአገራችን ሁለት ሙከራዎች ሊጠቀሱ ይገባል።

የመጀመሪያው በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ ገጠር እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተሞከረው ብርሃን ሔዋን የተሰኘው ፕሮጀክት ነው። ልጃገረዶች በቡድን ተደራጁ፤ በትምህርት ገበታ እንዲቆዩ የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጣቸው፤ ማኅበረሰቡ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ተወያየ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም የቤት እንስሳ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ጋብቻ ከንጽጽሩ ቦታ እጅግ ማነሱን አሳየ። ከ15 እስከ 19 ባሉት መካከል ግን ያገቡት በፕሮጀክቱ ቦታ በርከት ብለው ተገኙ። ጋብቻው ዘገየ እንጂ አልቀረም ማለት ነው። በሠለጠነ ዓይን ባይመዘን ኖሮ ይህ ሁለተኛው እውነት ከስኬቱ ዜና ጀርባ ተሸሽጎ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ ነው። የቡታጅራው ተመራማሪ ንጉሤ ደየሳ ከተሳተፉበት ከዚህ ሥራ የምንማረው ባህልን ለመከላከል ማዋል እንደሚቻል ነው፤ ውይይቱ የተካሄደው በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ነበርና። መንደሮቹ ለሴቶች ብቻ፣ ለወንዶች ብቻ፣ ለጥንዶች፣ እንዲሁም ያለ ሥልጠና ለንጽጽር ተብለው በዕጣ ተመደቡ። ለወንዶች ብቻ በተሰጠበት ምድብ ወንዶቹ ራሳቸው እንደገለጹት ወሲባዊ ጥቃት መፈጸም ቀነሰ፤ ሴቶቹ ደረሰብን ባሉት ጥቃት ላይ ግን በስታቲስቲክስ የጎላ ለውጥ አልታየም። ውጤቱ ከፊል ነው። ያም ሆኖ አንድ የጥናት ቦታ መቁጠር ከጀመረ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ ወደ ሙከራ መሸጋገሩ፣ በዚያም የሠለጠኑት ሰዎች አገር በቀል መሆናቸው የትዕግሥት ፍሬ ነው።

በሕክምናው ወገን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጀመረው የአንድ መስኮት አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ አገናኘ። የተደፈረች ልጅ ታሪኳን በአራት ቢሮ አራት ጊዜ እንዳትናገር ማድረግ ራሱ መከላከል ነው፤ ሁለተኛ ቁስልን ያስቀራልና።

የጦርነቱ ዓመታት ያስከተሉት ፈተና

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ሁሉ በአዲስ ፈተና ላይ ጣለው። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ወደ ሰሜን ጎንደር ሲዘልቅ የምርምር ማዕከሉ ያለበት የዳባት ወረዳም አልተረፈም፤ በነሐሴ ወር መጨረሻ በወረዳው ጭና በተባለው ቦታ ሲቪሎች ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ባወጣው ዘገባ በደቡብ ጎንደር ነፋስ መውጫ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን መደፈር መዘገበ፤ በትግራይ በሴቶች ላይ የደረሰው ሰፊ ወሲባዊ ጥቃትም በተለያዩ ዘገባዎች ተሰንዷል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቢቆምም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ተነሣ።

እንዲህ ባለ ጊዜ የጥቃት ተመራማሪ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ቁጥር ለፕሮፓጋንዳ መዋሉ ነው፤ የአንዱ ወገን ሟች ሲቆጠር የሌላው ይዘነጋል። ሁለተኛው ተጎጂዎችን ደጋግሞ መጠየቅ ነው። አንዲት ሴት ለጋዜጠኛ፣ ለመብት ተሟጋች፣ ለርዳታ ድርጅትና ለተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ታሪኳን ደጋግማ ስትናገር ከማናቸውም ሕክምና ላታገኝ ትችላለች። ቡታጅራ ላይ የተማርነው ደንብ፣ ማለትም የሚጠቆም ርዳታ በሌለበት አለመጠየቅ፣ ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። የሙያው ሚዛን ቁስለኛውን ከየት ወገን እንደመጣ ሳይለይ ማከም ከሆነ፣ የምርምሩም ሚዛን ቁስለኛውን ሳይለይ መቁጠር መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው በጎንደርና በአካባቢው የጥቃት ጥናት የበቀለው ከሦስት ምንጮች ነው። ቤት ለቤት መዞርንና በቡድን መሥራትን ያስተማረው የ1947ቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አንደኛው ነው። ሁለተኛው በቡታጅራና በዳባት የተዘረጋው ቋሚ ምዝገባ፣ ሦስተኛው ደግሞ የተጠያቂን ደኅንነት ከመረጃ የሚያስቀድመው ሥነ ምግባር ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምርምሩ ይጎዳል። መዞር ብቻ ሲሆን ወሬ ይሆናል፤ ምዝገባ ብቻ ሲሆን ሬሳ መቁጠር ይሆናል፤ ሥነ ምግባር ያለ ዘዴ ሲቀርም መልካም ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ተገቢ ይሆናል። በመጀመሪያ፣ ጥቃትን መለየት፣ መመዝገብና ማስተላለፍ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ብቻ የሚተው ትምህርት ሳይሆን በጠዳና በመሰሎቿ ኮሌጆች ለሚሠለጥኑ መካከለኛ ባለሙያዎች ሊሰጥ ይገባል፤ ቁስሉን ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያዎች ከጉዳቱ ዓይነት ጋር መነሻውን፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚመዘግቡበት አጭር ቅጽ ቢኖራቸውና በየሦስት ወሩ ራሳቸው ቢተነትኑት፣ የትኛው ገበያና የትኛው ወቅት ጥቃት እንደሚበዛበት ለወረዳው ሊናገሩ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ተመራማሪዎች ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ካህናት ቀርበው ሽምግልና ከጉዳት በኋላ ብቻ ሳይሆን ከጉዳት በፊት የሚሠራበትን፣ የሴቲቱም ድምፅ የሚሰማበትን መንገድ አብረው ሊፈልጉ ይገባል።

የደምቢያን ወባ ለመቁጠር የወጡት የጤና ቡድኖች በሽታው የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ የማይቀር ዕጣ ነው ሲባል ይሰሙ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ኩሬውን አሳይተው፣ ትንኟን ጠቁመው፣ ቆጥረውና መልሰው ቆጥረው ሊከላከሉት እንደሚቻል አስረዱ። ዛሬም ስለ ዱላ፣ ስለ ጥይትና ስለ መደፈር ‹‹የነበረ ነው፣ የሚኖርም ነው›› ይባላል። የሠለጠነ ባለሙያ መልስ የሚጀምረው በፊቱ የተዘረጋውን መዝገብ በእውነት ከመሙላት ነው።